ዘመድ መደበቅ ልጆቻችንን አይጠቅማቸውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ ዜግነቱን ወስዷል። ባለፈው ወር ደውሎ የእናታችንን የትውልድ ቀን፣ የእኔን አድራሻና መሥሪያ ቤት ጠየቀኝ። የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ሊገባ ነው፤ ሥራው ደግሞ ሚስጥር የማየት ፈቃድ፣ እነሱ ክሊራንስ የሚሉትን ይፈልጋል። ገና ሳልመልስለት ያሳደገው አጎታችን ስልኩን ተቀበለኝና "ኢትዮጵያ ማንም የለኝም በል! ድሮ ወታደር እንደነበርኩ ካወቁ ያባርሩሃል" አለው። ቤቱ ሁሉ ተስማማ፤ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ፈቃዱን አያገኝም የሚል ሕግ እኮ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠሩበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት፤ አንዱ የውጭ ተጽዕኖ ነው። የሚያዩት ዘመዱ የት አገር እንዳለ፣ ለመንግሥት ወይም ለጦር ሠራዊት ይሠራ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚገናኙና ልጁን በእሱ በኩል ማስጨነቅ ይቻል እንደሆነ ነው። እዚያ የመሠረተውን ኑሮም አብረው ይመዝናሉ። አዎ፣ የሚከለከል አለ። ለፈቃዱ የሚሞላው ፎርም ላይ አውቆ መዋሸት ግን እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። በየበዓሉ የሚልክልንን ገንዘብ እንኳ ይጠይቃሉ፤ ታዲያ ማንም የለኝም ብሎ ለማን ላክሁ ሊል ነው?

እኛም አገር ቢሆን ጥንቃቄው አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ የያዘ ሰው መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ በቋሚነት አይቀጠርም።

ያስቸገረን ሌላ ነው። እናቴ የምታውቀው ቡና ሲለቀም መወለዷን ብቻ ነው። መታወቂያዋ ላይ አንድ ዓመት፣ ፓስፖርቷ ላይ ሌላ ዓመት አለ፤ የእኛና የእነሱ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት መለያየቱ ሲጨመርበት ጭራሽ ይምታታል። የአባታችንን ስም ደግሞ የእሱ ፓስፖርት በአንድ ፊደል፣ የእኔ በሌላ ጽፎታል። ፎርሙ ግን ቀኑን በግምት መሙላት ይፈቅዳል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሲደውሉ አትሽሹ፤ ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ የምታውቁትን ንገሯቸው፣ የማታውቁትን አናውቅም በሏቸው።

እኛ አንድ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን ጨረስነው። አጎቴ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር። "ያሳደግከውን ልጅ የለህም እንዲልህ ትፈልጋለህ?" ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ የድሮውን የሠራዊት ወረቀቱን ከሣጥን አወጣ፣ መነጽሩን አድርጎ በስልክ አነበበለት።

አንባቢያችሁ ከጅማ