የቤት ኪራይ አዋጁ እኛ ሰፈርም ይድረስ

ለዝግጅት ክፍሉ፦ ጤና ይስጥልኝ።

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር መምህር ነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ይሄ አምስተኛ ቤቴ ነው። አሁን ያለንበት ክፍል ድሮ አንድ ሳሎን ነበር፤ በችፑድ ለሁለት ተከፍሎ ለሁለት ቤተሰብ ተከራይቷል። ከወዲያ ያለው ሕፃን ሲያስነጥስ ባለቤቴ ከወዲህ ሆና «ይማርህ» ትለዋለች። ሌሊት ካለቀሰ የእኛዋም ትነቃና አብራው ታለቅሳለች፣ ጠዋት ሁላችንም ዓይናችን ቀልቶ ውሃ ልንቀዳ ጀሪካን ይዘን እንወጣለን።

በ1987ቱ ቆጠራ ጎንደር 112,249 ሕዝብ ነበራት፣ በ1999 ደግሞ 207,044። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ሰው ግን መምጣቱን አላቆመም፤ ዩኒቨርሲቲው ሰፍቷል፣ በጸጥታው ምክንያት ከየወረዳው ቤቱን ጥሎ የገባም ብዙ ነው። እነዚህን ሰዎች ለምን መጣችሁ ማለት ነውር ነው። የት ይደሩ የሚለው ነው ጥያቄው።

ባለፈው ሐምሌ የቀድሞዋ አከራዬ «ልጄ፣ ወይ አንድ ሺህ ብር ጨምር ወይ ልቀቅልኝ» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ጡረተኛ ናቸው፣ ጤፉም ዘይቱም ለእሳቸውም ጨምሯል። ግን ውላችን የቃል ነበር፤ የምይዘው ወረቀት የለኝም። በሳምንቱ ለደላላ ከፍዬ፣ ለአዲሱ ቤት የስድስት ወር ቅድሚያ ተበድሬ ወጣሁ።

ሕጉ እኮ አለ! አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ የሚመለከተው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ውላቸውን ወረዳ ሄደው አስመዝግበዋል። በክልል ከተሞች የት የት እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። በእኛ ሰፈር ግን ውል ያስመዘገበ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

አከራዩ ቤቱን ይዘጋል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ ለዚህ ነው ቁጥጥሩ ከቦታ አቅርቦት ጋር አብሮ መሄድ ያለበት። ለቤት ማኅበራት የሚሰጠው ቦታ ይፍጠን፣ ታጥሮ ሣር የሚበቅልበትም መሬት ይታይ።

የከተማ አስተዳደሩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጎንደር ላይ ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ካለ የት እንደሆነ በየቀበሌው ይለጠፍልን፣ ከሌለም መቼ እንደሚከፈት በይፋ ይነገረን። ሐምሌ ሳይመጣ።

አንድ ተከራይ፣ ከጎንደር