የአንደኛ ክፍልን ማን ያዘጋጀው?

ሰላም አዘጋጅ፣ የአንደኛ ክፍል መምህር ነኝ። ጳጉሜ ሲገባ ሁሉም የሚያወራው ስለ ደብተርና ዩኒፎርም ነው፣ ስለ ክፍሉ ግን የሚጠይቅ የለም። ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ክፍል እርጥበቱ፣ የላላው ዴስክ፣ የገረጣው ሰሌዳ ሁሉ መምህሩን ነው የሚጠብቀው፣ ቀለሙንም ማርከሩንም ከደሞዛችን ነው የምንገዛው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የፊደል ገበታው ነው፣ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ናቸው እኮ፣ እነሱን ኮርኒስ ስር ሰቅለን የ7 ዓመት ልጅ እንዴት በጣቱ እየነካ ያንብብ፣ በልጁ ቁመት ዝቅ ብሎ ነው መለጠፍ ያለበት፣ ከኋላ ወንበርም እንዲታይ ደመቅ ይበል።

ወላጆች፣ የወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) አባላት፣ እባካችሁ መስከረም ሳይጠባ አንድ ቀን ኑና ዴስኩን ምስማር እንምታ፣ ግድግዳውን አብረን እንቀባ።