ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ለአካባቢ እድሮችም ይድረስ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። በምሠራበት ፋብሪካ ግን የበጎ አድራጎት መዋጮ ቅጽ የሚደርሰን የገንዘቡ መጠንና የተቀባዩ ድርጅት ስም ተሞልቶ ነው፤ ለእኛ የተተወልን ፊርማው ብቻ ነው።

መስጠቱን ማንም አልጠላም። ከአጥራችን ማዶ ያለው እድር፣ ድንኳንና ወንበር አከራይቶ በሚያገኛት ገቢ፣ ጧሪ ላጡ አረጋውያን በየወሩ ዱቄትና ዘይት ያከፋፍላል፤ ዘንድሮ ዘይቱ ከሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ወርዷል። ስለዚህ ሠራተኛው ተቀባዩን ራሱ የሚመርጥበት፣ የአካባቢ እድሮችም በምርጫው የሚካተቱበት፣ ሒሳቡም በየሩብ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍበት አሠራር እንዲዘረጋ የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪዎች ጋር ይደራደሩ።

አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ