ሳንባ ጡንቻ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እሁድ በጤና ገጻችሁ ስለ አተነፋፈስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ነው። ገና ቡናዬን ሳልጠጣ ከደብረ ብርሃን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጋዜጣው ሳንባ ራሱ ጡንቻ ነው ይላል። አንቺ ደግሞ አየር የሚስበው ደረት ነው ስትይኝ ከረምሽ። ማንን ልመን?» አሉኝ።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከሥራዬ ግማሹ ሰው በደንብ እንዲተነፍስ ማገዝ ነው። የገዛ አባቴ በእኔና በእናንተ መሃል ሲያመነቱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ከብዙው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ በሳጥን ውስጥ፣ በደማቅ ፊደል ካወጣችኋት ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «ሳንባ እየተለጠጠና እየተኮማተረ አየር የሚስብ ጠንካራ ጡንቻ ነው።»

ስህተት ነው። ሳንባ አየር የሚስብበት ጡንቻ የለውም። በውስጡ ባሉት የአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ስስ ጡንቻ አለ፤ አስም ሲነሳ ቧንቧውን የሚያጠበው እሱ ነው። ያ ጡንቻ ግን አየር አይስብም። ሳንባ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው። ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። ጎታች ይፈልጋል።

የቀጥቃጭ ወናፍ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ወናፍ ቆዳ ነው። መሬት ላይ ብትተዉት እስከ ማታ ትንፍሽ አይልም። የሚከፍተውና የሚዘጋው የሰው እጅ ነው። ሳንባችን ቆዳው ነው። እጆቹ ዲያፍራምና በጎድን አጥንቶች መሃል ያሉት ጡንቻዎች ናቸው።

ዲያፍራም ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የጎበጠ ስስ ጡንቻ ነው። ከታችኞቹ ጎድኖች፣ ከደረት አጥንት ጫፍና ከወገብ አከርካሪ ጋር ተያይዟል። ሲኮማተር ጉልላቱ ይወርዳል፣ ደረት ውስጥ ቦታ ይሰፋል፣ አየር ይገባል። በእረፍት ጊዜ የሚወርደው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የትንፋሹን ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ግን እሱ ነው። ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንገት በሚነሳ ነርቭ ነው። አንገቱ ላይ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ሳንባው ጤነኛ ሆኖ ሳለ መተንፈስ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

የጎድኑን ጡንቻ ደግሞ የጎድን ጥብስ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። በአጥንቶቹ መሃል ተጣብቆ የሚቀረው፣ በጥርስ የሚጋጠው ሥጋ እሱ ነው። 12 ጥንድ ጎድን አለን፤ በየጎኑ 11 ክፍተት። በእያንዳንዱ ክፍተት ጡንቻው ተደራርቦ ተነጥፏል። የላይኛው ንጣፍ ክሮች ወደ ታችና ወደ ፊት ይወርዳሉ፣ እጁን ጃኬት ኪስ ውስጥ እንደከተተ ሰው ጣቶች። ከሥሩ ያለው በተቃራኒው ይሄዳል። የላይኛው ሲኮማተር ጎድኖቹን ያነሳቸዋል። በባልዲ ጎን የወደቀ እጀታ ሲነሳ ወደ ውጭ እንደሚወጣው፣ ደረትም ወደ ጎን ይሰፋል። ካላመናችሁኝ መዳፋችሁን ጎናችሁ ላይ አድርጋችሁ በረጅሙ ሳቡ።

ማስወጣቱስ? ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ልፋት የለውም። ጡንቻዎቹ ይለቃሉ፣ የተለጠጠው ሳንባ በራሱ ይሰበሰባል። ስንስል ግን የውስጠኛው ንጣፍና የሆድ ጡንቻዎች ተባብረው ይጨምቃሉ። ያለ ጡንቻ ሳል የለም። ይህቺን ያዙልኝ።

ዓምና አባቴ ከመሰላል ወደቁ። 71 ዓመታቸው ነበር። ሦስት ጎድናቸው ተሰበረ። የወሰዷቸው ክሊኒክ ደረታቸውን በሰፊ ፋሻ ጥፍንግ አድርጎ አስሮ «አይንቀሳቀሱ፣ በረጅሙም አይተንፍሱ» ብሎ ሸኛቸው። እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩ። አባቴ አልሳሉም፤ ያማቸዋላ። በደንብ አልተነፈሱም፤ ታስረዋላ። አክታው ከታች ተጠራቀመ። በ5ኛው ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ የሳንባ ምች፣ ከዚያ 11 ቀን ሆስፒታል። ሲወድቁ ሳንባቸው ምንም አልሆነም ነበር። የታሰሩት ጡንቻዎቻቸው ናቸው።

ለተሰበረ ጎድን ደረትን ጠፍሮ ማሰር እንዲቀር የተደረገው ለዚሁ ነው። የሚያስፈልገው ሕመሙን በደንብ ማስታገስ፣ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ በረጅሙ መተንፈስ፣ ትራስ ደረት ላይ ደግፎ መሳል ነው። ሳንባ ጡንቻ ነው ብላችሁ ስትጽፉ ያ ፋሻ ያሰረ ሰው ምን ይላል? «እኔ ያሰርኩት ደረቱን ነው፤ ሳንባው የራሱን ሥራ ይሠራል» ይላል። መከራከሪያ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ፖሊዮ ይህን ለዓለም ካሳየ ቆይቷል። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሽባ ሲያደርግ፣ ሳንባው ጤነኛ የሆነ ልጅ ይታፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ቦስተን ውስጥ ሥራ የጀመረው «የብረት ሳንባ» በሽተኛውን እስከ አንገቱ ይውጠዋል። ከዚያ በዙሪያው ያለውን አየር እየሳበ ደረቱን ከውጭ ይከፍትለታል። ስሙ ያሳስታል እንጂ ማሽኑ የተካው ጡንቻን ነው።

የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ያውቁታል። የሚያስል ሕፃን ሲመጣላቸው ትንፋሹን ይቆጥራሉ፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከዚያ ልብሱን ገልጠው ደረቱን ያያሉ። አየር ሲስብ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ሳንባው አልለጠጥ ሲል ዲያፍራሙ አብዝቶ ይጎትታል፤ የሕፃን ጎድን ለስላሳ ስለሆነ አብሮ ይገባል። የእናንተን ሳጥን ያነበበች እናት ግን ደረት ላይ ምን ልታይ ትችላለች? ዓይኗን ከዚያ አንስታችሁባታል።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ጽሑፋችሁ ውስጥ መድኃኒት አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ ቀዶ ሕክምናም አለ። ፊዚዮቴራፒ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያስተምረው ሙያ ነው። ሰው ግን ሥራዬን ስነግረው «ማሳጅ ነው አይደል?» ይለኛል። ሰልችቶኛል። አባቴን ከዚያ አልጋ ያነሳኋቸው በማሳጅ አይደለም። እጄን ጎናቸው ላይ አድርጌ «አባዬ፣ መዳፌን ይግፉልኝ» እያልኩ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ6 ሳምንት ነው።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው ሳጥን፣ በዚያው ደማቅ ፊደል አውጡልኝ። ከኋላ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት እንዳይሆን። አባቴ የእሁዱን ጋዜጣ አጥፈው ትራሳቸው ሥር አስቀምጠውታል፤ የሚቀጥለውን እየጠበቁ ነው።

አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ከአዲስ አበባ