የአንጎል ሥዕል ሲታተም ከምን እንደተሣለ ይገለጽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሰው አንጎል ካወጣችሁት ጽሑፍ ጋር የታተመው ባለ ቀለም ሥዕል ማን እንደሣለውም ሆነ ከምን እንደተሣለ አልተገለጸበትም። ተማሪዎቻችን ይህን መሰል ሥዕል ከጋዜጣ ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ስለሚለጥፉ፣ ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም።

የአንጎል ሥዕል ታሪክ ሲመረመር፣ ሠዓሊዎች ለረጅም ዘመን ዓይናቸው ካየው ይልቅ ከመጻሕፍት የተማሩትን ሲስሉ እንደኖሩ እንረዳለን። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋለን የእንስሳትን አካል ከፍቶ ባየው ላይ ተመሥርቶ፣ ከአንጎል ሥር እንደ መረብ የተጠላለፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች መኖራቸውን ጻፈ። መረቡ በበግና በበሬ ላይ በእርግጥ አለ፤ በሰው ላይ ግን የለም። የሰውን አካል ከፍቶ በማጥናት የታወቀው ሐኪም አንድርያስ ቬሳሊየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1538 ባሳተማቸው ሥዕሎች አስገብቶት ነበር። በ1543 በባዝል ከተማ በታተመው ትልቁ መጽሐፉ ግን በሰው ላይ እንደሌለ አስታወቀ፤ ቀድሞ በተመልካች ፊት የሰው ጭንቅላት ሲከፍት፣ መረቡን የሚያሳይበት የበግ ወይም የበሬ ጭንቅላት አጠገቡ ያስቀምጥ እንደነበርም ሳይደብቅ ጻፈ። የመንዝ በግ በሚታረድበት አገራችን የጋለንን መረብ ማየት የሚሻ መምህር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በ1664 የወጣው የእንግሊዛዊው ሐኪም የቶማስ ዊሊስ መጽሐፍ፣ ጋለን መረብ አለበት ባለው አካባቢ፣ ከራስ ቅል ወጥቶ ከሥሩ በሚታየው አንጎል ላይ፣ የደም ሥሮች ቀለበት አሳየ። ሥዕሎቹን ከሣሉት አንዱ ኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን ነው። ቀለበቱ ዛሬም በዊሊስ ስም ይጠራል።

ማይክሮስኮፕም ቢሆን ክርክሩን አልዘጋውም። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ካሚሎ ጎልጂ በ1873 የነርቭ ሕዋሳትን በብር ውህድ የሚያጠቁር ዘዴ አገኘ፤ ስፔናዊው ተመራማሪ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ያንኑ ዘዴ አሻሽሎ ተጠቀመበት። ጎልጂ ያየው የተያያዘ ድር ሲሆን፣ ካሃል የሣለው እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ሕዋስ ነበር። በ1906 የኖቤል ሽልማትን ለሁለት ተካፍለው እንኳ በየንግግራቸው አልተስማሙም፤ የኋላ ዘመን ምርምር በዋናው ነጥብ ያጸናው የካሃልን ነው።

ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን የሚስሉትን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንን ደንብ ምእመኑ ያውቀዋል። በጋዜጣችሁ ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ የአንጎል ክፍል ግን የሠዓሊው ምልክት እንጂ የአካሉ መልክ እንዳልሆነ አንባቢው በምን ያውቃል?

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ የሠዓሊው ስም፣ የተሣለው ከሰው ወይስ ከእንስሳ፣ ከሬሳ ወይስ ከኤምአርአይ ምስል እንደሆነ፣ እንዲሁም የቀለሞቹ ትርጉም በሁለት መስመር እንዲጻፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበበ ሥዕሉን ጥቂት ማሳነስ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ