ቤቱን የማሳየው እኔው ራሴ ነኝ

ሚጣዬ የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ፣ ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? ቮይስሽን ሰማሁት፣ ደግሜም ሰማሁት። እዛ ቨርጂኒያ ቤት ሲሸጥ ባለቤቱ ልጆቹን ይዞ ውልቅ ይላል፣ ኤጀንቱ በር ላይ ከተንጠለጠለች ሳጥን በኮድ ቁልፍ አውጥቶ ያስገባል፣ ገዢው እንደልቡ ቁምሳጥን ሳይቀር ከፍቶ ያያል፣ አንቺም የምንሸጠውን የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ ለደላላው ስጪውና አክስቴ ጋ ሄደሽ ቡናሽን ጠጪ አልሽኝ። ለጉልበቴ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ተባረኪ፣ ግን እዚህ አይሰራም።

እዚህ ሰው ከቤቱ በፊት ሻጩን ነው ሚያየው። በሀሰተኛ ካርታና በሀሰተኛ ውክልና የሰው ቤት ሸጠው እልም ያሉ ስንት አሉ፣ ስለዚህ ደላላ ብቻውን ከፍቶ ሲያሳየው ገዢው ገና በሩ ላይ ልቡ ይሸሻል። እኔን ሳሎን ሲያገኘኝ፣ ያባትሽን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲያይ፣ ጎረቤት ደረጃ ላይ "እትዬ እንግዳ መጣቦት እንዴ" ስትለኝ ሲሰማ ያኔ ነው ዘና ብሎ ሚገባው። አንዱማ እኔጋ ሳይመጣ በፊት ታች ሱቅ ገብቶ ጠይቆ ነው የወጣው፣ ስንት አመት እንደኖርን፣ ባሌ መቼ እንዳረፈ፣ ልጆቿ የት ናቸው ሳይቀር። አልከፋኝም፣ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ደላላው ደሞ አለልሽ። "ማዘር እርሶ ዝም ይበሉ፣ እኔ ልናገር" ይለኛል። ሲናገርማ ውሃ 24 ሰዓት ነው ይላል፣ በረንዳው ላይ ሮቶ ተተክሎ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ! ጀሞ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ይሄን አያጣውም። ገና እንደገባ ሚከፍተው የኩሽናውን ቧንቧ ነው፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ይለቃል፣ ከዛ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ይሄዳል፣ መኝታ ቤቶቹን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ እኔው እቀድማለሁ፣ ውሃው በፈረቃ ነው ሌሊት ነው ሚመጣው፣ ሮቶው አብሮ ይሸጣል፣ ሻወር ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው ምልክት ከላይኛው ፎቅ ፈሶ ነበር ተሰርቷል እላለሁ። ቀለም ቀቢው ብሎኝ ነበር አልቀባሁም፣ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ያየ ሰው የባሰ ነው ሚጠረጥረው።

ባለፈው የመጣውን ልጅ ልንገርሽ። ሚገዛው ለራሱ አደለም ለእህቱ ነው፣ ጅዳ ሰው ቤት ትሰራለች፣ በኢሞ ደውሎ ስልኩን እያዞረ ቤቱን ያሳያታል፣ ኔትወርኩ ደሞ ይቆራረጣል። ከኋላዋ ሰሀን ሲጋጭ ይሰማኛል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ምታወራው፣ ማዳሟ እንዳትሰማ መሰለኝ። ትንሽ አየችና "ባለቤቷን አሳየኝ" አለችው። ስልኩን ተቀበልኩ። ሰላም እንኳን ሳንባባል "እማማ ውሃ አለ?" አለችኝ። ደላላው አጠገቤ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በፈረቃ ነው ልጄ አልኳት። "እናቴን ላስገባበት ነው፣ ደረጃውስ?" አለች። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ እኔ ራሴ ምሸጠው ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች፣ ሳቋ አንቺን አንቺን አለኝ፣ እዛው ላይ አላስቻለኝም ካርታው በማን ስም ሊዞር ነው ብዬ ጠየቅኳት። ወንድሟ ከላይ ገብቶ "ለጊዜው በኔ ስም ነው" አለ። ልጄ ቆንስላ ሄደሽ ውክልና ስጪው፣ ይግዛልሽ፣ ስሙ ግን ባንቺ ይሁን አልኳት። ልጁ ፊቱ ተቀያየረ፣ ስልኩን ተቀብሎኝ ቻው እንኳን ሳይል ወረደ። ደላላው ደረጃው ላይ "ማዘር ገበያ አበላሹብኝ እኮ" እያለ ተነጫነጨ። ይነጫነጭ። ዘመድ ስም ገብቶ የቀረውን የአረብ አገር ልጆች ገንዘብ በዚህ ሰፈር ማን አጥቶት ነው፣ እኔ ደሞ ልጄ ሰው አገር ናት።

ሌላው፣ በቴሌግራም ልልቀቀው ያልሽውን ፎቶውን ልቀቂው፣ ካርታውን ግን እንዳትለቂ፣ ዋጋም እንዳትጽፊ። "የመጨረሻው ስንት ነው" ሁሉም ገና ደረጃ ላይ ሚጠይቀው እሱን ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ከሚስትህ ጋር ተመለስ እላለሁ፣ ካልተመለሰ ድሮም ሊገዛ አልመጣም። ካርታ ሲሉኝ ኮፒውን አሳያለሁ፣ በስልክ ማንሳት የለም፣ የምሩን ከሆነ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አብረን ሄደን ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል። የንግድ ባንኩን ብድር አባትሽ ሳያርፍ ከፍሎ ጨርሷል፣ ክሊራንሱ ፋይሉ ውስጥ አለ። ኮንዶሚኒየም አምስት አመት ሳይሞላው አይሸጥም ያሉት ገደብም ካለፈ ቆየ።

አሁን የቀረው ያንቺ ነው። ባልና ሚስት አስተማሪዎች አሉ፣ ሁለቴ መጥተው አይተውታል፣ ሴትየዋ መጋረጃ ስትለካ ነበር፣ ቅዳሜ ቀብድ እንስጥ እያሉኝ ነው። አልቀበልም አልኳቸው። ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፉን ነው በህግ ሚመልሰው፣ ያንቺ ወረቀት ሳይመጣ ተቀብዬ ከየት አምጥቼ? የወራሽነት ማስረጃው ላይ አንቺም ወንድምሽም ስላላችሁበት ያለናንተ አልሸጥም። ስለዚህ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ውክልናውን ላኪልኝ፣ ጠቅላላ ውክልና ብለው እንዳይሰጡሽ፣ ቤት መሸጥ እንደምችል ተለይቶ ይጻፍበት፣ አለዚያ ውልና ማስረጃ ይመልሱኛል። እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጡታል፣ እሱን ወንድምሽ ይሮጥበታል።

ደሞ ፓስፖርትሽ ላይ ስምሽን ባባወራሽ ስም አዙረሽው ከሆነ ሳትሄጂ ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ ወራሽነቱ ላይ ያለው ባባትሽ ስም ነው፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ሚያሳይ ወረቀት አብሮ ካልመጣ ማንም አያናግረኝም፣ የጋብቻ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂና እዛው ጠይቂልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እማዬ