የተፈቀደ ኩረጃ፦ የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ከክበቡ ውጭ ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ፈተና ላይ የጎረቤቱን ወረቀት የሚያይ ተማሪ ካገኘሁ ወረቀቱን እቀማለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ክበቡ ውስጥ ያደረግሁትን ስትሰሙ “ሰውዬው ምን ነካው?” እንዳትሉ ነው። ዓመቱን ሙሉ ኩረጃ ሳስተምር ነው የከረምኩት።

አጀማመራችን እንደዚያ አልነበረም። በመጀመሪያው ስብሰባ 26 ተማሪዎች መጡ። ያለን ንብረት ሁለት ጊታር፣ አንድ ድራምና አንዲት ኪቦርድ ነው። የኪቦርዷ መሃል ላይ ያለችው ፋ ድምፅ አትሰጥም። እኔም ፊታቸው ቆሜ “የሰው ሙዚቃ አንጫወትም፤ ሁላችሁም የራሳችሁን አዲስ ነገር ይዛችሁ ትመጣላችሁ” አልኩ። ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ 14 መጡ። በሦስተኛው ሳምንት 9። አዲስ ነገር ይዞ የመጣ አንድም የለም።

ከዘጠኙ አንዷ ጊታር የምትጫወት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥግ ይዛ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አንድ ሶሎ ታወጣለች። ትንሽ ትሰማለች፣ ታቆማለች፣ ትሞክራለች፣ ትመልሰዋለች። ጠጋ ብዬ “አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ሁኚ እንጂ” አልኳት። ቀና ብላ “ቲቸር፣ ራሴ ገና አልደረሰልኝም” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያገኘሁት ጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ ባኽን ነው። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ የቆለፈበትን የኖታ መጽሐፍ ሌሊት ሌሊት እያወጣ በጨረቃ ብርሃን ገልብጧል ይባላል። ስድስት ወር ፈጀበት። ወንድሙ ደረሰበትና ቅጂውን ቀማው። የወንድሙ ነገር ገባኝ፤ እኔም ያው ነኝ። በ1705 ደግሞ ይኸው ባኽ፣ የ20 ዓመት ወጣት፣ ቡክስተሁደ የተባለውን የኦርጋን ሊቅ ለመስማት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጓዘ። የተፈቀደለት አራት ሳምንት ነበር። አራት ወር ገደማ ቆየ። ሲመለስ አለቆቹ ስለ መቅረቱ ገሠጹት። በዚያ ላይ መዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፆች እየጨመርክ ምእመኑን ግራ አጋባህ አሉት። ቡክስተሁደን የተከተለው ጀማሪ፣ አለቆቹ የማያውቁትን ድምፅ ይዞ ነበር የተመለሰው።

ይህን ሐሙስ ዕለት ስነግራቸው ፈገግ አሉ። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን የቻርሊ ፓርከርን ታሪክ ስነግራቸው ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ፓርከር ጎረምሳ ሳለ፣ በ1936፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከትልልቆቹ ጋር ልጫወት ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። መሃል ላይ ጠፋው። ድራም ይመታ የነበረው ጆ ጆንስ የድራሙን ሳህን ነቅሎ እግሩ ሥር ወረወረለት። ውረድ ማለት ነው። ሰው ሳቀ። በቀጣዩ በጋ ፓርከር ከከተማ ራቅ ወዳለ መዝናኛ ሥራ ሲሄድ የሌላውን የሳክስፎን ተጫዋች የሌስተር ያንግን ሸክላዎች ይዞ ሄደ። የያንግን ሶሎዎች አንድ በአንድ በቃሉ ያዘ። ሲመለስ የሳቁበት ሰዎች አላመኑም።

ሁለቱንም አስደመጥኳቸው። ያንግ ዘና ያለ ነው፣ የሚነፋው ቴነር ሳክስፎን ነው፣ ቦታ እየተወ ይሄዳል። ፓርከር አልቶ ነው፣ ይከንፋል። “ፓርከር ውስጥ ያንግን የሰማችሁ?” ስል ሁለት እጅ ብቻ ወጣ። ዜማው በሌላ ሰው ጣትና ትንፋሽ ሲያልፍ ሌላ ይሆናል። ያንግ ራሱ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረውን የሳክስፎን ተጫዋች የፍራንኪ ትራምባወርን ሸክላዎች እየሰማ ነው ያደገው።

ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት በሙሉ የያዘብን ሥራ ከዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ወጣ። ሰንሰለት አልነው። የምትወደውን ሙዚቀኛ ትመርጣለህ፤ እሱ ማንን ሰምቶ አደገ ብለህ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። አንድ ሕግ አለን፦ ስም ከጠራህ በመሣሪያ ታሰማለህ። ቀሽም አድርገህም ቢሆን።

ድራም የሚመታው ልጅ ከቶኒ አለን ጀመረ። የፌላ ኩቲን አፍሮቢት በምት ያቆመው ሰውዬ ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ የጃዝ ድራም መቺዎቹ ማክስ ሮችና አርት ብሌኪ ላይ ደረሰ። አንድ የራፕ ወዳጅ ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚየን ማርሊ በ2010 ያወጡትን ዘፈን ይዞ መጣ። ሥሩን ሲቆፍር ከውስጡ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ አገኘ። ወይ ጉድ አልን። ሙላቱም አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ጃዝ የተማረ፣ በ1966 የአፍሪካንና የላቲን አሜሪካን ምት ያቀላቀለ አፍሮ ላቲን ሙዚቃ ያስቀረጸ ሰው ነው። ጊታር ተጫዋቿ ከሮክ ተነሥታ ጊታር እየመታች መዝሙር ትዘምር የነበረችው ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ጋ ደረሰች። ታርፕ በ1947 ኋላ የሮክ ኮከብ የሆነውን የ14 ዓመቱን ሊትል ሪቻርድ ከዝግጅቷ በፊት ሲዘፍን ሰምታ መድረኳ ላይ አወጣችው። እሷ ራሷ በሮክ የክብር መዝገብ የገባችው በ2018 ነው። ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ። ልጅቷ ይህን ስታነብ ተናደደች፤ እኔም።

አንድ ሐሙስ ክርክር ተነሣ። ከዘፋኙ ጄምስ ብራውን ጋር ድራም ይመታ የነበረው ክላይድ ስታብልፊልድ የመታት አጭር የድራም ሶሎ ከቀረጻው ተቆርጣ በብዙ መቶ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። ሰውዬው ግን ከዚያ ሁሉ ያገኘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መብቱ የሱ አልነበረማ። “ታዲያ ይሄ ስርቆት አይደለም?” አለ አንዱ። ግማሹ ነው አለ፣ ግማሹ አይደለም። እኔ ቀረጻውን ወስዶ ስሙንም ድርሻውንም መንፈግ ስርቆት ነው ባይ ነኝ። ቁጭ ብሎ በጆሮ አውጥቶ በራስ እጅ መምታት ግን ሌላ ነገር ነው። አልተስማሙም። አሁንም አልተስማሙም።

ለዓመቱ መዝጊያ አንድ የድሮ ዜማ ሁለት ጊዜ ተጫወትን፤ መጀመሪያ እንደተቀዳው፣ ቀጥሎ እጃችን እንዳመጣው። ያቺ የሞተች ፋ ሳትጠገን ቀርታለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዜማው እሷ ጋ ሲደርስ ከሚ ዘሎ ላ ላይ ይወጣና ወደ ሶል ይመለሳል። ሌላ መንገድ የለውም። ጊታሯ ተከተለችው። አሪፍ ነበር ማለት አልችልም፤ አንዴ ምቱ ጠፍቶብን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ዜማ ያፏጫል። የክበባችን አባል አይደለም። ፋ ጋ ሲደርስ ዘለላት። ላ ላይ ወጥቶ ወደ ሶል ተመለሰ። ትንሽ ስለተበላሸበት ከመጀመሪያው ጀመረና እንደገና ዘለላት።